ቆርቆሮው ይቆይ

እቁቡ ደረሰኝ በአሥራ አንደኛው ዙር፤
"ጦይባ!" ሲል ጸሐፊው፣ ድምፁ ተሰማ እስከ ሰኞ ገበያ ዳር።
ሐዋ ፍሪጅ አለች፣ እህቴ ቆርቆሮ፣
ልጄ "ባጃጅ፣ እማ" አለኝ አቀርቅሮ።
ቆርቆሮው እውነት ነው፤ ጦሳ ጉም ሲለብስ
ሁለት ሳህን፣ አንድ ባልዲ እደረድራለሁ፣ ፍራሼ እንዳይርስ።

እኔ ግን "ቦምባይ ልሄድ ነው" አልኳቸው።
ፊታቸው ጠቆረ፤ ደረቴን፣ ጎኔን አየ ዓይናቸው።
"ኩላሊትሽ ነው ወይ? ደብቀሽን ኖሯል?"
"አልታመምኩም። ልበላ ነው።" ይኼ ደግሞ ባሰ፤
ለታመመ ሰፈር ያዋጣል፣
ለጤነኛ ምን ይባላል?

ሃያ ሁለት ዓመት አራዳ ቁጭ ብዬ፣
ሊጥ ዳምጬ፣ ሳምቡሳ ጠቅልዬ፣
ሦስት ማዕዘን ሳጥፍ፣ ሦስት ማዕዘን ስጠብስ፣
በረመዳን ማታ ሰልፉ እስከ መስጊዱ በር ድረስ፣
ያን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ከነከነኝ፦
ይህን እጥፋት መጀመሪያ ማን አስተማረኝ?
እናቴ ከጎረቤት፣ ጎረቤት ከዐረብ ሱቅ፣ ዐረቡ ከባሕር፤
ከባሕሩ ማዶ እንግዲህ ማን ይመስክር?

ሐረጎን በሚኒባስ፣ ከኮምቦልቻ በአየር፣
ሌሊቱን በመስኮት ሳይ አደርኩ፤ ጨለማ ነው፣ ሌላ ምን ይኖር።

ቦምባይ!
ሰኞ ገበያችንን በሺህ አባዝተህ
ባቡር ላይ ብትጭነው፣ በሩን ክፍት ትተህ፣
ያ ነው።
ሐምሌው ግን ሐምሌ ነው፤ እዚያም ሰው ላስቲክ ለብሶ፣
እዚያም አንዲት ሴት ሳህን ትደቅናለች፣ ቆርቆሮዋ አፍስሶ።

መጀመሪያ ዳቦ በላሁ፣ ሆዱ ድንች፣ ጎኑ ላይ ቀይ ሚጥሚጣ፤
"ድንች በዳጣ ነው!" አልኩ፤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ።
በማግስቱ ክብ ነገር፣ ባዶ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ፤
ሰውየው በአውራ ጣቱ ይበሳል፣ ኮምጣጣ ውሃ ይሞላል፤
በአንዴ ዋጪ፣ ሳይፈስ!
አፌ ውስጥ ፈነዳ። ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ሳቀ።
በስድስተኛው እጄ ለመደ፣ በሰባተኛው ገንዘቤ አለቀ፤
ውሸቴን ነው፣ አላለቀም፤ አፈርኩ እንጂ።
ሦስተኛ ቀን ከሩቅ እንጀራ አየሁ፤ ቀርቤ ባየው
ጥቅልል ነው፣ ደረቅ ነው፣ ዓይን የለው።
ቢሆንም በላሁት፤ ዓይን የሌለውም ይጣፍጣል ለካ።

አራተኛው ቀን ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ሥር፣
አንዲት ሴት አገኘሁ፣ በእኔ ዕድሜ፣ በእኔ ወገብ፣ ከብረት ድስቷ ጋር።
ታጥፋለች። ቆሜ አየኋት።
እኔ ከቀኝ የምጀምረውን ከግራ ጀመረች፤
ያቺን የመጨረሻዋን ጫፍ ግን
እንደ እኔው በውሃ ነካ አርጋ አሸገቻት።
ቋንቋ የለን። እጄን ታጥቤ ጠጋ አልኩ፤ ሊጥ ሰጠችኝ።
ሠራሁላት። ገለባበጠችው፣ ወደ ብርሃን አነሣችው፣ አየችኝ።
"ሳሞሳ" አለች።
"ሳምቡሳ" አልኩ።
በመሐላችን አንዲት ፊደል ቀረች።
የኔን ዘይቱ ውስጥ ጣለችው፤ ከሷዎቹ መሐል ጠፋ።
ማን እንደ በላው እንጃ፤ አንድ መንገደኛ፣ ቸኩሎ፣
ጣቱን እያራገበ፣ ባቡሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

አሁን ደሴ ነኝ። "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ይሉኛል፤
ሆዴን አሳያለሁ፤ ማንም አያምነኝም፣ ሁሉም ይስቅልኛል።
ግማሹን በምስር፣ ግማሹን በድንች ሞላሁት፤
የቧንቧ ውሃው ሼህ እንድሪስ ነክሰው፦ "ምስሩን የት አደረግሽው?"
"ቦምባይ ወሰድኩት።"
አኘኩ። አሰቡ። ሌላ ሁለት ጠቅልይልኝ አሉ።

ማታ ጦሳ ጉም ለበሰ። ሳህኖቼን ደረደርኩ።
ሐዋ በግድግዳው በኩል "አላልኩሽም?" ትላለች፤ ዝም አልኩ።
ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቆርቆሮው ይቆይ፣ እቁብ ገና ይዞራል።
ጠብታ እቆጥራለሁ፤ ሰባተኛው ላይ
አፌ ውሃ ይሞላል።