ተቃውሞ

ባለፈው ሰንበት ነው፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
ጠቅ አለ ቆጣሪው፤ ጠፋ የቤቱ ነፍስ።
ማን እጁን ይዘርጋ ሰንበት ከገባ ኋላ?
አፉላ ውርጭ ስትጥል
ተኮራምተን አደርን በአንድ ብርድ ልብስ ጥላ።
ሚስቴ አስናቁ፣ "ሻማው ዘግይቶብኝ፣ የኔ ኃጢአት" አለች፤
ጎረቤት አርካዲ፣ "ሽቦው አርጅቷል" አለ፤
ልጄ ሞሪያ ብቻ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች።

ዛሬ ደግሞ አርብ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።
ሞሪያ በስልክ ስታወራ "ህትናግዱት" ስትል፣
የእናቷ ፊት ዳመነ።
"ደግሞ ተቃውሞ? ደግሞ አስፋልት ላይ? ደግሞ ፈረስና ጭስ?
የአጎትሽ የመሐሪ ትከሻ እኮ ዛሬም አልዳነም፤ ሸሚዝ ሲለብስ
እጅጌውን የምትይዝለት ሚስቱ ናት!"
ሞሪያ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።
"የሽቦው ነው እማ፣ የሽቦው ተቃውሞ።
ያ ቆጣሪ ለምን እንደ ወደቀ
ልንገርሽ።"

ከቦርሳዋ አወጣች መለኪያ መቆንጠጫ፣
አፉ እንደ ሸርጣን የተከፈተ፣ መልኩ ቢጫ።
"ግድግዳው የሚገፋው ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት ነው፤
ማሞቂያው አሥር አምፔር ያሳልፋል።
ግፊቱን ለሚያልፈው አካፍዪ፤
ሃያ ሦስት ኦም፣ ተቃውሞው ይኼው ነው።
ግፊቱን በሚያልፈው አባዢ፤
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዋት፣ እግርሽን የሚያሞቀው።
የሰንበት ፕላታው አምስት አምፔር ብቻ፤ አርባ ስድስት ኦም።
አየሽ እማ፣ አብዝቶ የሚቃወም
አብዝቶ አይበላም።"

እኔ እዚህ ላይ ቀረሁ።
አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ብረት መድረሱን የሚያውቅ በቀለሙ፤
ቀን ማረሻ የሳለላቸው ሰዎች
ማታ ልጅ ያስፈራሩ ነበር በስሙ።
ኦም አልሰማ፣ ዋት አልሰማ፤
ብቻ ክንዱ ያውቀው ነበር፣ ስንት እንደሚያስከፍል ፍሙ።

"ዱዱስ?" አልኩ፣ "የውሃ ማሞቂያውስ?"
ሞሪያ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።
"አሥራ አንድ አምፔር። ሌሊት ስድስት ሰዓት እንዲበራ
ሰዓቱን ማን ሞላው?" አለች።
አሥርና አምስት፣ አሥራ አንድ ሲጨመር፣ ሃያ ስድስት ሞላ።
ቆጣሪው የሚችለው ሃያ።
ያም ሆኖ ወዲያው አይወድቅም፤
ይታገሣል፣ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣
የሚጥለው ኋላ።

ኃጢአቱ ከሻማው አልነበረም፤ ከጣቴ ነበረ።
የዱዱን ሰዓት ነቀልኩ።
በጊልቦዓ ጫፍ የቀረው ብርሃን ተሰበረ፤
አስናቁ ሻማዋን ለኮሰች፣ ዛሬ በጊዜ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነቅቼ ጠበቅሁ።
ማሞቂያው ቀልቷል፤ ሙቀቱ ከሽቦው እምቢታ ነው አሉኝ፣
እኔም ለአባቴ ብነግረው ብዬ ተመኘሁ።
ቆጣሪው ዝም ብሏል።
ለካ አስናቁም አልተኛችም።
"መሐሪ ያን ቀን መንገድ ላይ ሲቆም፣" አለች በጨለማ፣
"ግፊቱ ስንት ቮልት ነበር? በእሱስ ስንት አልፎ ይሆን?"
አካፍል ብባል ምኑን ለምን አካፍላለሁ?
ፍሪጁ ሲያጉረመርም ብቻ ተሰማ።