ቤት ፍለጋ

ኤስተሊን ነኝ፤ ምሥራቅ ናሽቪል፣ ከወንዙ ማዶ፣
አራት ክፍል አከራያለሁ፤ አንዱ ሁልጊዜ ባዶ።
በሬን የሚመታው ሁሉ ጊታር ያዘለ፤
ስሙን ሳልጠይቅ ጫማውን አያለሁ፣
ካገሩ ጭቃ ገና ያልረገፈ አለ፤
የካንሳስ ግራጫ፣ የጆርጂያ ቀይ፣
አፈር መቼም አይዋሽ፣ አይደለም ወይ?

ዶርሲ ፕሩዊት መጣ፣ ከኦክላሆማ፣ ከጥጡ አገር፣
አንድ መብራቱ በጠፋ ፒካፕ፣ በመስከረም ዳር።
አርባ አንድ ዓመቱ፤ ጎማ ሲጠግን ኖሮ
ጥፍሩ ሥር የቀረ ጥቁር፣
ሳሙና እምቢ ያለው፣ ክር ሲነካ ብቻ የሚያምር።

“ምን ትፈልጋለህ?” አልኩት።
“ቤት” አለኝ።
ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው፣ እኔም የማከራየው፤
ግን ሌላ ነው፣ ሌሊት በጨለማ ሲዳብሱት የማየው፦
የስንኙን ጭራ፣ የሚገጥመውን፣ የሚመታውን ቤት።
የኔው በወር ስድስት መቶ ዶላር ነው፤
የዚያኛውን ዋጋ እንጃለት።
(እኔም በሰባ ስምንት መጥቼ ነበር፣ ስድስት ዘፈን ይዤ።
ስድስቱም አሉ። ይበቃል።)

ቀን ሳህን ያጥባል፤ ማታ ብሮድዌይ ወርዶ፣
ሮዝ ባርኔጣ የደፉ ሚዜዎች ሙሽራቸውን ከበው በሚጮሁበት፣
የሰው ዘፈን ይዘፍናል፤ ባልዲው ዞሮ ዞሮ
ሲመለስ ዘጠኝ ዶላር፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ጥንዱ የጠፋ የጆሮ
ጉትቻ።

የካቲት ላይ ኪራይ አጠረው።
ፒካፑን ሸጠ፤ ለአንድ የጥርስ ሐኪም።
ከመስኮቴ አየሁ፤ ቁልፉን አስረክቦ
ጎኑን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው፣ እንደሚሸጥ በሬ።
ገብቶ ኪራዬን ቆጠረልኝ፤ አልተነፈሰም ቃል፤
ሰው ያን ያህል ዝም ሲል አንድ ነገር ይጽፋል።

በሳምንቱ ጠሩት፣ ምንጣፍ ካለው ቢሮ፤
ሦስት ጸሐፊ ባንድ ክፍል፣
ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት፣ እንደ ጥርስ ቀጠሮ።
አንደኛው ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ቺካጎ ፎቅ ላይ ያደገ፣
“ስለ ፒካፕ እንጻፍ” አለ፣ እግሩን እየዘረጋ፣
“ዶርሲ፣ አንተ ታውቀዋለህ፤ ውስጡ ምን ምን ይሸታል?”

ነገራቸው።
ዝናብ የመታው ውሻ፣ ናፍጣ፣ የአባቱን የናና ከረሜላ፤
ሬዲዮው እንደማይዝ ከሁለት ጣቢያ ሌላ፤
የቀኙ በር ከውስጥ እንጂ ከውጭ እንደማይከፈት፤
እናቱ አንድ ሌሊት በዚያ በር ወርዳ እንዳልተመለሰች፣
እሱም፣ ልጅ ነበርና፣
መክፈት አቅቷት ነው ብሎ ዓመታት እንደጠበቃት።

ጻፉ፣ ጻፉ። ውሻው ገባ። ከረሜላው ገባ።
“የእናትህ ነገር ግን” አሉት፣ “መሪ የያዘን ሰው ያስለቅሳል።”
በሩ ውጭ ቀረ።

ዘፈኑን ከዓመት በኋላ ፋርማሲ ተሰልፌ ሰማሁት፣
የደም ግፊት ኪኒኔን ስጠብቅ፤
ገንዘብ ተቀባይዋ በጥፍሯ ባንኮኒውን እየመታች
“ደስ አይልም?” አለችኝ።
“ቤት ይመታል” አልኳት።

ዶርሲ ያኔ የለም። በአውቶቡስ ሄዷል፤
አገሩ ይግባ፣ ሌላ ከተማ፣ አልነገረኝም።
በስሙ ቼክ መጣ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዶላር፤
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከተበጠሱ ክሮች ጋር።

ክፍሉን ቀለም ልቀባ የቀን መቁጠሪያውን ሳነሳ፣
ግድግዳው ላይ በእርሳስ፣ በዚያ ደቃቃ እጁ፦
“ከውጭ አይከፈትም፣ እማዬ፤ አንኳኪ፣
እኔ ከውስጥ ነኝ፣ …”
ሁለተኛው ስንኝ ቤት የለውም።
ቀባሁ፤ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳልነካ ትቼ።

ዛሬ ከሰዓት አንዲት ልጅ መጣች፣ ከካናዳ ሜዳ፣
ጫማዋ ላይ የበረዶ ጨው ደርቆበት።
“ምን ትፈልጊያለሽ?”
“ቤት” አለችኝ።
ቁልፉን ሰጠኋት፤ የበሩንም ጠባይ ነገርኳት፦
ዝናብ ሲሆን ያብጣል፣ ይጠብቃል፤
“ግን በትከሻሽ ግፊው” አልኳት፣
“ከውጭም ይከፈታል።”