በግራ በኩል ያለቀ ጎማ

ሞተሩን የገዛሁ ከኦርኔላ እጅ ነው፤
ባሏ ካለፈ ወዲህ ሸራ አልብሳ ያቆየችው።
ቁልፉን ስትሰጠኝ "ጎማው አልቋል" አለች፤
በዋጋ አልተከራከረች፣ ወደ ቤት ገባች።

አጎንብሼ አየሁት። እውነትም አልቋል፤
ግን በግራ በኩል ነው፤ ቀኙ ገና ይነክሳል።
የግራ ጥርሶቹ እስከ ድዳቸው ተፍቀው፣
የቀኙ ግን ሹል፣ ገና እንደ አዲስ ነው።
"ይህ ሰው" አልኩ ለራሴ፣ "ምን አስኮረፈው?
ከቀኝ ተጣልቶ፣ በግራ ብቻ የኖረው?"

ክሉሶኔ ውስጥ፣ ከሰዓቱ ማማ ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣
ኤርሚኒዮ የሚባል ጎሚስታ አለን።
"ጎሚስታ" እላለሁ፤ እሱም "ጎሚስታ" ይላል፤
ቃሉ ከሱ ሰፈር ወደኔ ሰፈር ተሻግሯል።
"ቸርኬ" ስል፣ "ከመነዳሪ" ስል፣ ደንግጦ ሳቀ፤
ፖስታ ቤት የሚንተባተብ ጣልያንኛዬ እዚህ ረቀቀ።
አዳማ ላይ መፍቻ ስይዝ የቀሰምኩት ቋንቋ፣
ለካስ ባለቤት አለው፤ አልነበረም የኔ ዕቃ።

ሦስት ጎማ አውርዶ ወለሉ ላይ ጣለ፤
"የት ነው የምትነዳው? ጎማ እንደ አገሩ ነው" አለ።
"ይሄ ለጭቃ ነው፤ ጥርሱ የተራራቀ፣
እየነከሰ የሚተፋ፣ ቆዳው የደረቀ።
ይሄኛው ለቋጥኝ ነው፤ ጫነው እስቲ በጣትህ፤
እሺ ይላል አይደል? አለት ላይ እሱ ነው የሚይዝህ።
ሦስተኛው ለሁሉም ነው።" ትከሻውን ነቀነቀ፤
ለሁሉም የሚሆን ነገር ማንን አስደነቀ?

ነገሩ ተገልብጧል፤
ለጠንካራ መሬት ለስላሳው ይላካል፣
ለስላሳው መሬት ግን ጠንካራ ይፈልጋል።
ይህን የፋብሪካው አለቃዬ ቢያውቀው ኖሮ፣
እኔ እንደ አለት ስጠነክር አይመጣም ነበር ጠንክሮ።

ቆምኩ።
የኔ መንገድ የቱ ነው? ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ
መጀመሪያ የዛፍ ሥር፣ ዝናብ ሌሊቱን ያጠጣ፤
ከሥሩ ቀጥሎ እርጥብ ነጭ ድንጋይ፣
ከድንጋዩ ጭቃ፣ ከጭቃው አናት ላይ
የላም በረት፣ አጥር፣ ከዚያ እንደገና ሥር፤
በአንድ ሰዓት ውስጥ የስንት አገር ምድር!
የጎማ ሻጭ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤
"የት ነው የምትነዳው?" ሲሉት፣ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?
መድረስ የምሻበትን ልንገረው፣ ወይስ የምወድቅበትን?
(የምወድቅበት አንድ ነው፦ ድልድዩ ጋ፣ መታጠፊያዋን ስቼ፣ ሁልጊዜ በጎን።)

"የፊቱን ለስላሳ፣ የኋላውን መካከለኛ" አልኩ በመጨረሻ፤
አላደነቀም፣ አልነቀፈም፤ ሄደ ሊያመጣ ማንሻ።

አሮጌውን ከቸርኬው ፈልቅቆ ሲያወጣው፣
በአውራ ጣቱ ዳበሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ "የባቲስታ ነው።
ቀኝ ጉልበቱ ብረት ነበር፤ ለካስ ማጋደል ይፈራል፤
ለካስ ቀኝ መታጠፊያ ሲገጥመው ተራራውን በግራ ይዞራል።
የሰላሳ ደቂቃ መንገድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበት ነበር፤
ለማንም ግን አልተነፈሰ፣ ዛሬ ጎማው እስኪናገር።"

አሮጌውን ለኦርኔላ መለስኩላት፤ መጣል ከብዶኝ።
"ምን ላድርገው?" አለች። ጥቂት ቆማ አየችኝ።
ከዚያ የግቢዋ በር ሥር አጋደመችው፣
ነፋስ ሲገፋው ብረቱ እንዳይጮህ፤
ያለቀውን ጎን ወደ ላይ አድርጋ።
ስለ ጉልበቱ አልነገርኳትም። ታውቃለች መሰለኝ።

አዲስ ጎማ ፀጉር አለው፣ እንደ አራስ ልጅ ለጋ፤
"የመጀመሪያ ቀን አትመነው" ብሎኝ ነበር ኤርሚኒዮ ሱቁን ሲዘጋ።
አየሩን ቀነስኩ፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ዝናቡ አባርቷል።
ሥሩን አለፍኩ፣ ድንጋዩን፣ በረቱን፤ ድልድዩ ደርሷል።
ያቺ መታጠፊያ የቀኝ ናት። ትንፋሼን ይዤ አጋደልኩ፤
አልወደቅኩም።
ሃያ ሜትር አልፌ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ወደቅኩ።

ጭቃዬን አራግፌ፣ ጎማውን ዞሬ አየሁት፦
በቀኝ ትከሻው ላይ ያ ለጋ ፀጉር የለም።
በግራው ገና አለ።