ገና ነው

ከዚራ ላይ መንገድ ሲሰፋ የኒሟን ዛፍ ጣሏት፣
ሥር ሥሯ ያረፍን ሁሉ ቆመን እያየናት።
በሦስተኛው ቀን ሮብሌ በባጃጅ መጣና
አንዱን ቅርንጫፍ ጎተተ፤ «ና፣ ያዝልኝ» አለና
ጫፉን አስያዘኝ። ከባድ ነው፤ ውሃ ያዘለ፣
ከተቆረጠም በኋላ ሞቱን ገና ያልተቀበለ።

«ደረቅ እንጨት ግትር ነው፤ ያዶለድማል ቢላ፤
በእርጥቡ ነው ማነጋገር፣ ፀሐይ መጥታ ሳትበላ።»
«አንቱ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሳቀብኝ፦ «ድሬ ነህ በቃ፤
ጋሼ ምናምን ተውና ቢላዋህን ይዘህ ንቃ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ሮብሌ በባቡሩ ወርክሾፕ ኖሯል፤
የፉርጎ ወንበር ጠርቧል፣ የበር እጀታ ሞርዷል።
ባቡሩ ቆመ። ወርክሾፑም። የሱ እጅ ግን አልቆመም፤
ይንቀጠቀጣል፤ ጣቱም ሙቅ ከቀዝቃዛ አይለይም።

ቢላዋን ሰጠኝ። አጭር ናት፣ ከሞረድ የተቀጠቀጠች፣
እጀታዋ በላብ ጠቁራ የሌላ ሰው ጣት የለመደች።
«ወደ ራስህ አትሳብ፤ አውራ ጣትህን ደብቃት፤
ክሯ ወዴት እንደሚሄድ እንጨቷን ራሷን ጠይቃት።»

አልጠየቅኋትም። ቸኮልኩ። ቢላዋ ክሩን ሳተች፤
የግራ አውራ ጣቴን ነከሰች፤ ነጯ እንጨት ደሜን ጠጣች።
ሮብሌ ከቅርፊቷ ልጥ ልጦ ቁስሌን አሰረው፤
«ኒም ናት፤ መድኃኒት ናት» አለኝ፤ ማቃጠሉን ስቆ አለፈው።

የመጀመሪያዋ ማንኪያ፣ ለማንኪያ አንገቷ ወፍራም፣
ለአካፋ ደግሞ አፏ ጠባብ፤ ለየትኛውም አትሆንም።
ሁለተኛዋን ጎርጉሬ፣ ጎርጉሬ፣ ጎርጉሬ
በሆዷ ፀሐይ ገባች። «ጎሽ! ማጥለያ ሠራህ ዛሬ።»
ሦስተኛዋ ቆንጆ ነበረች። ቆርቆሮ ላይ አሰጣኋት፤
የድሬ ቀትር ምን ያውቃል! ከአፍ እስከ አንገት ሰነጠቃት።
ጧ! አለች። ጎረቤት ሰማ።
«በፍቅፋቂዋ ቅበራት» አለኝ፣ «በራሷ ገላ፣
ቀስ ብላ ትርሳ ውሃውን፤ ጥላ ውስጥ፣ ከሰው ኋላ።»

በአራተኛዋ ሂክመት ሹርባ አማሰለችባት።
ድስቱ መረረ። ልጆቹ ተፉ። እኔ አፈርኩባት።
«አውቅ ነበር» አለኝ ሮብሌ፤ «በመራራው ነው መማር፤
የሮቃን እንጨት ማን ሰጥቶህ በስህተት ይመነዘር?»

ነሐሴ ላይ ደቻቱ ከደንገጎ ጎርፍ ሲያመጣ
አሸዋው ላይ ጥሎ ሄደ የሮቃ ግንድ፣ ሥሩ የወጣ።
ለማገዶ ከሚሻሙት መካከል፣ በባትሪ፣ እኛ ለማንኪያ።

ስጨርስ ለሱ እሰጠዋለሁ። በእጁ አይደለም የሚያያት፤
በታችኛው ከንፈሩ ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚዳብሳት።
ጣቱ የረሳውን ሁሉ ከንፈሩ ያስታውሳል።
«እዚህ ጋ» ይላል፤ «እዚህ ጋ። ገና ነው። ይጎረብጣል።»
ሳምንት። «ገና ነው።» ሳምንት። «ገና።»
ሂክመት፦ «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ሽማግሌውን?» ትላለች።

ትናንት ማታ ገንደ ቆሬ፣ ደጁ ላይ ተቀምጠን፣
ነፋሱ አቧራ እየዘራ፣ መብራትም ጠፍቶብን፣
ከንፈሩ ላይ አኖራት። ቆየ። ጠበቅሁት «ገና» እንዲለኝ።
ተነሣ። ሸሚዝ ኪሱ ከተታት። ደህና እደር እንኳ ሳይለኝ
ገባ።

ፍቅፋቂውን በዳበሳ ስሰበስብ
ከውስጥ ድስት ሲማሰል ሰማሁ፤
እንጨት በብረት ላይ፣
ቀስ፣
ቀስ።