ችሎት በኦኩካሄ በረሃ

ከኢካ በስተ ደቡብ፣ ኦኩካሄ በረሃ፣
ባሕሩ ጥሎት ሄዶ የቀረ ያለ ውሃ፤
ነፋስ ገጽ በገጽ የሚገልጠው መዝገብ።

ዶን አቤሊኖ መጣ፣ ጡረተኛው ጸሐፊ፣
የሰው ቃል ሲመዘግብ አርባ ዓመት የኖረ፣
ጣቱ ከቀለሙ ጋር አብሮ የጠቆረ።
የእህቱን ልጅ ኒልዳን ሊጠይቅ ነው አሉ፤
ስንቅ ይዞላት መጣ፣ ጥያቄም እንዳመሉ።

እሷ በደረቷ አሸዋው ላይ ተኝታ፣
በጥርስ ሐኪም መርፌ፣ በብሩሽ፣ በትዕግሥት፣
ታወጣለች ዳሌ ከደረቀ ዓለት፤
የዓሣ ነባሪ ነው፣ ግን እግር ያለበት።

"ተጠየቂ!" አላት ባርኔጣውን አንሥቶ፣
ችሎት የገባ መስሎት ጉሮሮውን አጥርቶ፤
"ይህ ዝግመተ ለውጥሽ ንድፈ ሐሳብ ነው አሉ።"
(በእሱ አገር ቃሉን ‘ግምት’ ያደርጉታል፣
በእኛም ‘ንድፍ’ አለበት፤
ቃል ሲዋሱት ያድፋል፣ እጅ እንደበዛበት።)
"ተረጋግጧል በይኝ፣ ወይ አልተረጋገጠም፤
እኔ የማውቀው ችሎት ሦስተኛ ቃል የለውም።
ማን አየ? ማን ቆመ? ምስክርሽ ማነው?
የሚሊዮን ዓመቱን ማን ነው የቆጠረው?
መረጃ አይበቃኝም፤ ማስረጃ ነው የምለው።"

ኒልዳ ቀና አላለችም። አሸዋውን እፍ አለች።

"አጎቴ፣
ሌባው ሲሰርቅ ማን አየው? አንተው ነህ የነገርከኝ፤
የጫማ ዱካ ነበር፣ ጭቃ ከመስኮት ሥር፣
ቀኑ የተፋቀ አንድ የሱቅ ደረሰኝ፤
ዳኛው አላየም፣ ግን ፈረደ በነገር።

ከዚህ በቆየ ዓለት የሚራመዱ አሉ፤
ወደዚህ ዘመን ሲመጡ እግራቸው ሟሸሸ።
‘እንግዲያ መካከሉ እዚህ ንብርብር ውስጥ ነው’ አልን፤
ሳናየው ነው ያልነው፣ ካርታ ላይ ጠቁመን።
ሦስት ዓመት ባዶ። ውሃም ገንዘብም አለቀ፤
ሾፌራችን ሳይቀር በሳቅ ፈነደቀ።
በአራተኛው ዓመት ጉልበት ብቅ አለ፣
ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም በጣቶቹ ጫፍ
ጥፍር የምታክል ሰኮና።

አሁን አንተ ደግሞ እኔን ማሸነፊያ ልስጥህ፤
ከዚህ አጥንት በታች፣ ካልተነካ ዓለት፣
የላማ መንጋጋ ቆፍረህ አምጣልኝ፤
ያን ዕለት ተረትቼ እቆማለሁ እኔው።
ንድፈ ሐሳብ ማለት ይሄ ነው፣ አጎቴ፤
ለመረታት አንገቱን አቅርቦ፣
ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሳይረታ የቆየ።
‘ተረጋገጠ፣ አለቀ’ ለሒሳብ ሰዎች ነው፤
እኛ ዘንድ ይግባኝ አይዘጋም።
ፍርዱ ግን ጸንቷል፤ እየኖርንበት ነው።
አምና ሳንባህ ሲታመም መድኃኒቱ ለምን ተቀየረ?
የቻለው ተህዋስ ተርፎ፣ ተርፎም ስለ ወለደ።

የማላውቀው አለ። ይህ ፍጡር በጅራቱ
ይዋኝ እንደነበር አልነገረኝም አጥንቱ፤
ጫፉ ጠፍቶብኛል።"

"እግዜርስ?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"እሱን አልቆፈርኩም" አለች።

ከሰዓት በኋላ ያ የአሸዋ ነፋስ ተነሣ፤
ጀሶው ሳይደርቅ በፊት ዳሌውን ጠቀለሉ፤
አንድ ጫፍ እሷ ይዛ፣ አንድ ጫፍ እሱ ይዞ፣
ሕፃን እንደሚታቀፍ ከጉድጓድ አወጡት።
ያመጣው ምሳ አሸዋ ለበሰ፤ እንዲሁ በሉት።

"ጽሕፈትሽ አያምርም፤ ደብተሩን አምጪልኝ።"
ተቀመጠ ድንጋይ ላይ። "ቀን" ብሎ ጀመረ፣
"ቦታ"፣ "ጥልቀት"፣ "የአጥንቱ ዓይነት"፣
ፍርድ ቤት በለመደው በክብ ክብ ፊደላት፤
ከግርጌው፣ እጁ አይለቅም፣ "ውሳኔ" ብሎ አሰመረ።

ብዕሩ እዚያ ቆመ።
ደረት ኪሱን ዳበሰ፣ ሱሪውንም ዳበሰ፤
"እርሳስ አለሽ?" አላት።