የላንድክሩዘሩ ደፍ

ገፈርሳን አለፍ ሲሉ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር፣
አሮጌ ጎማ ደርድሮ ያበጀበት አጥር፣
የደቻሳ ጋራዥ አለ።
ክረምቱ ወጥቷል ይላሉ፤ ጭቃው ግን አልሰማም፤
ከመስከረም ፀሐይ ጋር ገና አልተስማማም።

የአባቴን ላንድክሩዘር በክሪክ ከፍ አድርጎ፣
ካርቶን አንጥፎ፣ በጀርባው፣ ከሥሩ ገባ።
እግሩ ብቻ ቀረ ውጭ፤ ካልሲው የተለያየ።
«እቴ፣» አለኝ ከታች፣
«የደፉ መከላከያ አበቃለት፤
ጠጠር በልቶታል፣ በግራ በኩልማ ጭራሽ የለም።
አዲስ ፈልገሽ አምጪ።
እኔ ገጣሚ ነኝ እንጂ መራጭ አይደለሁም።»

ሶማሌ ተራ ወረድኩ።
ሸምሰዲን አንዱን አወጣ፣ ከነላስቲኩ፤
የሚያብለጨልጭ ኒኬል፣ ፊቴን አየሁበት፤
ፊቴም አላማረኝ፣ ጭቃ ነበረበት።
«የዱባይ ነው፤ ሠርግ ታጅቢበታለሽ» አለኝ።
ይህች መኪና? ሳቄ መጣ።
ሁለተኛው ሸካራ አልሙኒየም፣
በጣት ሲመቱት እንደ ድስት ክዳን የሚጮህ።
«አይዝግም!» «አይዝግም፤ ግን ይጎብጣል» አልኩት፤
የአባቴን ቃል ነው የሰረቅኩት።
ሦስተኛው የፋብሪካው፣ ከሌላ ሬሳ የተነቀለ፣
ምናለሽ ተራ የከረመ፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ ያለ።
ዋጋው የበሬ ዋጋ፤
እኔም እንደ በሬ ገዢ ዞሬ ዞሬ አየሁት፣
ጥርሱን ብቻ ነው ያልቆጠርኩት።
ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አባቴ የውሃ ሰው ነበር።
ቦረና፣ አፋር፣ ኦጋዴን፣
የጉድጓድ መቆፈሪያውን እየተከተለ
ሃያ ስድስት ዓመት ነዳት።
ውሃው ከመሬት ፊን ሲል፣ ሕዝቡ እልል ሲል፣
እሱ ደፉ ላይ ቆሞ፣ ክንዱን በሩ ላይ ጥሎ፣
ዝም ብሎ ያይ ነበር ይላሉ።
እኔ የማውቀው ሌሊቱን ነው፦
ቡትሱን ደፉ ላይ ሲያራግፍ፣
ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤
በሦስተኛው እንቅልፍ ይወስደኛል።
«ደፍ ላይ አትቀመጪ» ይለኝ ነበር፣
የቤቱንም፣ የመኪናውንም፤
«ደፍ መሻገሪያ ነው፣ መቀመጫ አይደለም።»

ደቻሳ አሮጌውን ፈታው፤
እምቢ ያለውን ብሎን በመጋዝ ቆረጠው።
ሽፋኑ ሲወርድ አፈር ወረደ፤
ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈር፣ የእኛው ጥቁር ጭቃ፣
ከየት እንደመጣ የማላውቀው እሾህ።
ከአፈሩ ኋላ ደፉ ራሱ ወረደ፤
በጣቶቹ መሃል እንደ ደረቅ ቂጣ ተቆራረሰ።
«አየሽ፣ መከላከያ ያልነው ምን ሲከላከል እንደኖረ?
ዝገቱን ከፀሐይ። ዝገቱን ከዓይን።
ውሃ መግቢያ አያጣም፤ መውጫ ነው ያጣው።
አባትሽ አቧራ እንዳይገባ ብለው
የሥሩን ቀዳዳ ሁሉ በማስቲሽ ደፍነውታል።»

ዝም አልኩ።
ከድንጋይ ሥር ውሃ ያወጣ ሰው!
እናቴን የቀበርን ለት ማታም እንዲሁ፤
ቡትሱን ሦስቴ አራገፈ፣ እጁን ታጠበ፣
ለለቀስተኛው ፍራሽ አነጠፈ።
ዓይኑ ደረቅ ነበር።
አክስቶቼ ጨካኝ አሉት።
እኔም ብያለሁ፣ በልቤ።

«እንግዲህ የቱን ላምጣ?»
ደቻሳ ከጥግ ቱቦላሬ ጎተተ፣ ከግንባታ የተረፈ፣
ቀለም ያልነካው፣ የማንም ስም የሌለበት።
«ደፉን በአዲስ ላሜራ እሠራዋለሁ፤
ይሄን ደግሞ ከጎኑ እበይዳለሁ።
አያምርም። ግን ድንጋይ ቢመታው
ይብላኝ ለድንጋዩ።»
ጠመኔ ፈልጎ ከሥር አራት ቦታ ነጥብ አደረገ፤
«እነዚህን እበሳለሁ፣ ለውሃው።»
«አምስት አድርገው» አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝና አምስተኛውን ነጥብ ጣለ።

በሳምንቱ ዘገይቶ የመጣ ዝናብ ቡራዩን መታ።
ሲያባራ ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ
የስልኬን መብራት ከሥሯ አበራሁ፤
አራቱ ቀዳዳዎች ይንጠባጠባሉ፣ ቡና ቡና የሚመስል ውሃ።
አምስተኛው ገና ነው።
ጉልበቴ ረጠበ፤
ጠበቅሁት።