ሠላሳ ሰባተኛው ጠርሙስ

ሊማ ላይ ሰማዩ አይዘንብም፤ ያልበዋል፤
ጉም ከባሕር ወጥቶ መስኮት ላይ ይተኛል።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከመድኃኒት ጓዳ፣
ክኒን ስቆጥር የምውል፣ የዝምታ ባለዕዳ።
ግማሹ ጠርሙስ ፍሬ፣ ግማሹ ገለባ፣
ሁለቱም አንድ መልክ፣ ሁለቱም ነጭ ካባ።

ሐኪሙ አያውቅም የሚያዘውን፣
ኔሊዳ አታውቅም የምታድለውን፣
በሽተኛው አያውቅም የሚውጠውን።
የዚህ ጥናት ሕጉ ዓይን ማሰር ነው፤
እኔን ግን ያሰሩኝ አፌን ነው።

ቁጥር ሠላሳ ሰባት፦ ፊደንሲዮ።
አርባ ዓመት ዚንክ ሲፈልጥ ኖሮ
ተራራውን በሳንባው ቋጥሮ
ወደ ባሕር የወረደ፤
በሳለ ቁጥር ድንጋይ የናደ።

አሳንሰር ውስጥ አገኘኝ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፤
«ከታች ያለሽው አንቺ ነሽ?» ብሎ ሳቀ።
«ያቺ ነጯ ክኒን፣ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤
ትናንት አሥራ ሁለት ደረጃ ወጣሁ፣ አንዴም ሳልንበረከክ።»
ከኪሱ የተቆላ በቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ፤
ገለባ ሰፍሬለት፣ እሱ ፍሬ አቃመኝ።
ጨው ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር
የእሱ ጠርሙስ ዘንድ ስደርስ እጄ ይከብድ ነበር።
አንድ ምሽትማ፣ እውነቱን ልናገር፣
ሠላሳ ስምንትን ስቤ ከእሱ ጎን አቆምኩት፤
የቁጥሩን ወረቀት ጫፉን በጥፍሬ ላጥኩት።
ልለውጥለት።
ኮሪደሩ ላይ የሚገፋ አልጋ ጎማው ጮኸ፤
መልሼ ለጠፍኩት።
እስኪነጋ ምራቄ ሙጫ ሙጫ አለኝ።

በሰኔ ማኅተሙ ተፈታ።
ፍሬ ያልነው፣ ያን ሁሉ ስብሰባ የጠራንለት፣
የስንቱን ጉበት ሲለበልብ ከርሞ ተገኘ።
ሠላሳ ስምንት፣ ኦብዱሊያ፣
የዓይኗ ነጩ የሎሚ ልጣጭ መስሎ ነበር።
ገለባ የዋጡት እንደነበሩ ናቸው፤
አልዳኑም፣ አልተጎዱም።
ኔሊዳ ሠንጠረዡ ላይ አጎንብሳ ቀረች።
እኔ ጥፍሬን አየሁ።

ጥናቱ ተዘጋ። ቁልፉን አስረከብኩ።
ለያንዳንዳቸው የዋጡት ምን እንደሆነ ተነገራቸው፣
በደማቅ ፊደል፣ በማይከብድ ቃል።
ፊደንሲዮ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ
ማክሰኞ መጥቶ በሬን አንኳኳ፦
«ባዶ ናት አሉኝ፤ ገብቶኛል።
ግን ከባዶዋ የተረፈ እንደሆን…»

እጁን ዘረጋ። ሊለምን መስሎኝ ነበር።
መዳፉ ላይ አራት ፍሬ በቆሎ።